በጥፍር ቀለም ስለተሠመረው ቡሎን ለምርመራ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ

ለክቡር የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎም፣ ወንበርዎም፣ ማኅተምዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለችው መኪናዬም ደህና ናት፤ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ደህና ያልሆነው የባለቤቴ ጉልበት ነው፤ የምጽፍልዎትም በእርሱ ምክንያት ነው። ደብዳቤውን ለሕዝብ ግልጽ ያደረግሁት ደግሞ በመዝገብ ቤትዎ በኩል የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች እስካሁን ምርመራ ላይ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ውሻ አባሮኛል፣ ዝናብ ደብድቦኛል፣ በር ተዘግቶብኛል፤ በዓይኔ ያላየሁትን ቁጥር ግን በመዝገብ ላይ አስፍሬ አላውቅም። መካኒክነት ማንም አላስተማረኝም። የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ፣ ገጹ በቅባት እስኪጠቁር ድረስ አንብቤ የተማርኩት ነው። አሁን በታላቅ አክብሮት ወደ ቅሬታዎቼ አልፋለሁ።

አንደኛ፣ መኪናዬን በቅጽዎ ላይ «የቅንጦት» ብለው ስለመዘገቡልኝ አመሰግናለሁ። እርግጥ ነው፣ ከፋብሪካ ስትወጣ ትንሽ ብትሆንም የጌታ መኪና ነበረች። ዛሬ ግን የኋላ መስኮቷ የሚዘጋው በሁለት እጅ ተደግፎ ነው፤ የወንበሯን ቆዳ ባለቤቴ በጫማ ክር ሰፍታዋለች፤ የጣሪያዋ ጨርቅም ረጅም ሰው በገባ ቁጥር ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። በመመሪያዎ መሠረት ይህችን እመቤት የደረጃ አንድ ጋራዥ ካልሆነ በቀር ማንም እንዲጠግናት አይፈቀድም። እኔ ደግሞ ይህን ክብሯን ሳላውቅ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስፈታትና ስገጥማት ኖሬያለሁ።

ሁለተኛ፣ ፍሬኗን በመፈተሻ ማሽንዎ ላይ ያወጣው መርማሪ ቁጥሩን አይቶ ከብዙ አዲስ መኪና ይሻላል አለኝ። ማን እንደሠራው ጠየቀኝ፤ እኔ ነኝ አልኩት። ማኅተም ጠየቀኝ፤ ደብተሬን ሰጠሁት። በዚያ ደብተር ውስጥ የነካሁት ቡሎን ሁሉ ከነቀኑና ከነኪሎ ሜትሩ ተጽፏል። የተሳሳትኩትም ተጽፏል፤ ስህተቱን የማይጽፍ ሰው ነገም ይደግመዋልና። ገጽ አርባ አንድ ላይ፣ «የግራውን የፊት ፍሬን ሸራ ገልብጬ ገጠምኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከግቢ ሳልወጣ ባለቤቴ ድምፁን ሰምታ ነገረችኝ፤ አውጥቼ አስተካከልኩ» ይላል። ከአምስት ዓመት በፊት የሆነ ነው። መርማሪዎ የቀሩትን ስልሳ አንድ ገጾች ዘሎ ይህችን አንዷን አነበበና በቅጹ ላይ «ባለንብረቱ የፍሬን ጥፋቱን በጽሑፍ አምኗል» ብሎ ጻፈ። መኪናዬም ወደቀች። ጥፋቱን የሚጽፍ ሰው ጥፋተኛ፣ የማይጽፈው ደግሞ ደረጃ አንድ መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሦስተኛ፣ ታዝዤ መኪናዋን ወደ ደረጃ አንድ ጋራዥ ወሰድኩ። የጋራዡ ባለቤት ነጭ ካፖርት ስለሚለብሱ ሾፌሮች «ፕሮፌሰሩ» ይሏቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ልማዴን ልግለጽልዎ። ማንኛውንም ቡሎን አጥብቄ ስጨርስ፣ በባለቤቴ ቀይ የጥፍር ቀለም ከቡሎኑ ራስ እስከተቀመጠበት ብረት ድረስ አንድ ቀጭን መስመር አሠምርበታለሁ። ቡሎኑ በራሱ ቢላላ ወይም ሰው ቢፈታው መስመሩ ይሰበራል። አይዋሽም፤ ደመወዝም አይጠይቅም። መኪናዋ ፕሮፌሰሩ ዘንድ አሥራ አንድ ቀን ተኝታ «የፊት ፍሬን ሸራዎች ተቀይረዋል» የሚል ክብ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ቤት ወስጄ በክሪክ አነሳኋት፤ ጎማዎቹን አወጣሁ። ቀዩ መስመር በግራም በቀኝም እንዳሠመርኩት ነው። ቡሎኑ ሳይፈታ ሸራው አይወጣም፤ ይህን ባለቤቴም ታውቃለች። በሽተኛውን ሳይነኩ የሚፈውሱ ሐኪም በከተማችን ስለሾሙልን ልናመሰግንዎ ይገባል።

አራተኛ፣ ወረቀቱን ይዤ ስመለስ ማሽንዎ የመጀመሪያውን ቁጥር ሳይጨምር ሳይቀንስ አወጣ። በዚያው ቁጥር ወድቃ የነበረችው መኪና በዚያው ቁጥር አለፈች። በመስኮቱ በኩል ያለችው ሠራተኛዎ የዓመቱን ቦሎ ስትሰጠኝ፣ ሥራው አለመሠራቱንና ወረቀቱ ሐሰት መሆኑን ነገርኳት። ጨዋ ልጅ ናት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ አልፏል እኮ፤ ዝም ብለው ይዘውት ይሂዱ» አለችኝ። ያልተሠራ ሥራ የተመሰከረበትን ነገር ከመስታወቴ ላይ ለጥፌ አልሄድም ብዬ መስኮቱ ላይ ትቼላት ወጣሁ። ከኋላዬ የተሰለፉት ብዙ ተናገሩ። አንዱ፣ «ሽማግሌው አልፈሃል ሲሉት ወድቄያለሁ ብሎ ይሟገታል» ብሎ ሰልፈኛውን አሳቀ። እኔም ነገሩ ባይደርስብኝ ኖሮ እስቅ ነበር።

አምስተኛ ቅሬታ ስለ ሰልፉ ነበረኝ፤ ሰልፉ ላይ ቆሜ ረሳሁት።

አሁን ወደ ጉልበቱ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ከአምስት ወር በፊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በሳምንት ሁለት ጊዜ የፊዚዮቴራፒ ክትትል አላት። እርሷ እንድትቀመጥበት የፊተኛውን ወንበር በስፖንጅ ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ጉልበቷን ሳታጥፍ ገብታ ሳታጥፍ ትወጣለች። በፍሬን ሥራም ረዳቴ እርሷ ናት። ከፍሬኑ ዘይት ውስጥ አየር ለማስወጣት አንዱ ፔዳል ሲረግጥ ሌላው ከጎማው ሥር ቡሎን ማላላትና ማጥበቅ አለበትና፣ እኔ መሬት ተኝቼ «ርገጪ» ስል እርሷ ከላይ «ረግጫለሁ» ትላለች። በዚህ ቤት ትእዛዝህን የምሰማው ፍሬን ስንሠራ ብቻ ነው እያለች ትቀልድብኛለች፤ እውነቷን ነው።

አሁን ግን መኪናዋ ያለ ቦሎ ከግቢ ስለማትወጣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ነው የምትሄደው። የአውቶቡሱ ደረጃ ከፍ ያለ ነው። አብሬያት እየሄድኩ ከኋላ እደግፋታለሁ፤ የእኔም ጉልበት ግን የሰባ አራት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ቀን ስንመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ በር ላይ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ እውነትህን ይዘህ ቁም፤ እኔ ዱላዬን ይዤ እሄዳለሁ።» ንግግሯን ገጽ ስልሳ ሦስት ላይ ጻፍኩት። «ጥፋቱ» በሚለው መስመር ትይዩ ግን እስካሁን ባዶ ነው። ግማሹን በራሴ ስም ልጽፍ ተዘጋጅቻለሁ፤ የቀረውን ግማሽ በማን ስም እንደምጽፈው ከእርስዎ መልስ እጠብቃለሁ።

ቦሎ እንድለጥፍ መመሪያዎ የሰጠኝ ሠላሳ ቀን ነው፤ ዛሬ አሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው። ቀኑ ካለፈ ሰሌዳዋ ይነቀላል፤ በዕድሜዋ ምክንያትም ዳግመኛ አትመዘገብም። ቢሆንም ምሕረት አልለምንም፤ ልዩ አስተያየትም አልፈልግም። የምጠይቀው ሐሰቱ ከመኪናዬ መዝገብ ላይ እንዲሰረዝና አንድ መርማሪ መጥቶ በፊቴ ጎማውን አውጥቶ ያየውን እንዲጽፍ ብቻ ነው። አልፋለች ካለ በራሴ ሥራ አልፋ ባለቤቴን ታደርሳለች። ወድቃለች ካለና ጉድለቱን በጣቱ ካሳየኝ፣ ሰሌዳዋን በገዛ ካቻቢቴዬ ፈትቼ በሁለት እጄ አስረክብዎታለሁ።

ማኅተምዎ አይድረቅ፤ ቀለሙ አይጉደል፤ ከወንበርዎ ተነስተው አንድ ጎማ እንኳ ለማየት የሚያስገድድ ችግር አይግጠምዎ እያልኩ፣ ከግቢዬ፣ ከክሪኬ አጠገብ፣ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ደብተር የሚጽፈው ጡረተኛ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ መኪናዬን ከፕሮፌሰሩ ዘንድ ለመውሰድ በሄድኩ ቀን የእርስዎ ነጭ የቢሮ መኪና ከጎኗ ቆማ ነበር። ሾፌርዎ የፊት ፍሬኗን ሊያስቀይር እንደመጣ በደስታ አጫወተኝ። ስለዚህ ግማሽ የቀረ ቀይ የጥፍር ቀለም ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአባሪነት ልኬልዎታለሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ጋራዥ ከመላክዎ በፊት በቡሎኖቹ ላይ አንድ አንድ መስመር ያሠምሩ። ጠርሙሱ የባለቤቴ ስለሆነ ሲጨርሱ እንዲመልሱላት አደራ ብላለች። ራስዎ ሊያመጡላት ካሰቡ ግን በእግር ቢመጡ ይሻላል፤ ቤታችን ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ላይ ነው።