ስለሚዞረው ካሜራችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀመንበር፣ ለአቶ ንዋይ
ኮሎምቢያ ሃይትስ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። በተለይ እሑድ እሑድ ካሜራውን በስልክዎ ሲያዞር የሚውለው አውራ ጣትዎ ደኅና መሆኑን ሳልጠይቅ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። እኔ እግሬን ያመኛል እንጂ ደኅና ነኝ፤ አውቶቡስ ቆሞ መጠበቅ ገና አልለመድኩም።

ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ለቤተ ክርስቲያናችን መኪና ማቆሚያ ካሜራ ሲመረጥ፣ በየማዕዘኑ ቋሚ ካሜራ ይሰቀል፣ የሚዞረው ወደ አንዱ ጥግ ሲያይ ለሌላው ጀርባውን ይሰጣል ብለን ስንለምንዎት፣ አንድ ቦታ ላይ ማፍጠጥ የደደብ ሥራ ነው፣ ይህኛው ዞሮም አቅርቦም ያያል ብለው ስላስተማሩን እግዚአብሔር ይስጥልን። እውነትም ዞሮ ያያል። የሚያዞሩት እርስዎ መሆንዎን ግን ያን ዕለት አልነገሩንም።

ሁለተኛ፤ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አዲስ የሰበካ ጉባኤ ምርጫ ይደረግ ብለን የፈረምነው ምእመናን እንደ ልማዳችን ዛፉ ሥር ቆመን ስናወራ፣ ካሜራው አንገቱን ወደ እኛ ሲያዞር ሁላችንም አይተናል። ሊያድሙብኝ ነው ብለው ተጨንቀው ከሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ሜፕልዉድ ከተማ ለቅሶ ለመድረስ ማን በማን መኪና ይሂድ እየተባባልን ነበር። እኔም ቦታ አለኝ፣ ከእኔ ጋር ግቡ አልኩ። ዞር ብዬ ባይ መኪናዬ የለችም!

ሦስተኛው ምስጋና ይሁን እርግማን እርስዎ ይፍረዱት። ለፖሊስ የሚሆን ቪዲዮ ስለምንዎት ሳይሰስቱ ሰጡኝ። መኪናዬ ስትሰረቅ የተቀረጸው ግን የኔው ፊት ነው፤ ያውም ጎልቶ ጎልቶ፣ የነጠላዬ ጥለት ክሩ እስኪለይ ድረስ። ፖሊሱ ደጋግሞ አየና ይህቺ ሴትዮ ማን ናት ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

አቶ ንዋይ፣ ያቺ መኪና እንጀራዬ ነበረች። ሕመምተኛ ሐኪም ቤት የማመላልሰው በእሷ ነበር። ኩላሊታቸውን የሚታጠቡት እማማ ፈነት፣ ሮዝቪል ከተማ ባለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ካፖርታቸውን ለብሰው ሲጠብቁኝ፣ መኪና የለኝም ብዬ ስደውልላቸው፣ የራሳቸውን ጭንቅ ትተው አይዞሽ ልጄ አሉኝ። ከእርስዎ ግን አንዲት አይዞሽ እንኳ አልሰማሁም። ያንገበግባል፣ በእውነት ያንገበግባል።

ይኸው ነው ምስጋናዬ። ዓይንዎን ያብራልዎ፤ ከተቻለም በሁሉም አቅጣጫ።

ከተቃዋሚዎችዎ ሁሉ በጥራት የተቀረጸችው፣
ትናንት ባለመኪና፣ ዛሬ የአውቶቡስ ተሳፋሪ፣
እህተማርያም

ማስታወሻ፦ ሌባው ተመልሶ ከመጣ፣ እባክህ ዛፉ ሥር ከእኛ ጋር ቁም ብለን እንለምነዋለን። ያኔ አያመልጥዎትም።