ዝናብ ተለምኖ ጉም ሲመጣ

ሰኞ

ዛሬም ድምፄን በከንቱ አባከንኩት። ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ለማምለጥ ብዬ የትምህርት ቤቱን ሜዳ በጉም ሞላሁት። መምህሩ ፊሽካውን ነፋ፣ ነፋ፣ የራሱን እጅ እንኳ ሲያጣው "በቃ ግቡ!" አለ። ልጆቹ ክፍል ገብተው ሲንከተከቱ እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ድምፄ የለም።

ሁሌም እንዲህ ነው። ጉሙን የምጠራው በድምፄ ነው፣ ሲሄድ ደግሞ ድምፄን ይዞት ይሄዳል። ትንሽ ከሆነ እስከ ማታ፣ ከፍ ያለ ከሆነ እስከ ማግስቱ። በጣም ትልቅ ጠርቼ አላውቅም። የዚያን ዋጋ አላህ ነው የሚያውቀው።

እማዬ "ደግሞ ጉንፋን?" ብላ ዝንጅብል አፈላችልኝ። እህቴ ዘምዘም ግን ዐይኗን አጥብባ አየችኝ።

"እሑድ ሰርጌ ነው፣ ሐዋ። ጉንፋንሽን ዛሬውኑ ጨርሺው" አለች።

እህቴ ባቲ ከተማ ልትዳር ነው። በእኛ ቤት ሙሽራ ስትወጣ ዘፈኑን የምታወጣው ያላገባች እህቷ ናት፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ዝም ተብላ የወጣች ሙሽራ ሆዷ እንደባባ ይኖራል ይላሉ አክስቶቼ። ዘምዘም ደግሞ ከእኔ ሌላ እህት የላትም። ስለዚህ ቃል ገባሁ፤ ጭንቅላቴን ነቅንቄ ነው የገባሁት፣ ግን ቃል ቃል ነው።

ማክሰኞ

ድምፄ ተመለሰ። አልሐምዱሊላህ።

የአክስቴ ልጅ ፎዚያ ከቴሌቪዥኑ ፊት አትነሳም። የሚበሩ፣ ግድግዳ የሚንዱ ልዕለ ጀግኖች ታያለች። "ሐዋዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ትሠሪ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። "ዕቃ አጥብ ነበር፤ አሁንም እየጠራሁሽ ነው፣ ነይ አግዢኝ" አልኳት። እሷ ሳቀች፣ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። እኔን ፊልም ቢያደርጉኝ ምን ብለው ይጀምራሉ?

ልብስ፦ የትምህርት ቤት ዩኒፎርምና ከዘምዘም የወረስኩት ሻርፕ። አይበርም፣ ቢበዛ ይንሸራተታል።

ፍርሃት፦ እንቁራሪት። ጉም ደግሞ የሚነሳው እንቁራሪት ካለበት ነው። ይህ ፍርድ አይደለም።

ጠባይ፦ ስንፍና አለብኝ። አኩራፊ ነኝ። መመስገን እወዳለሁ፣ ደግሞ ማንም ስለማያውቅ ማንም አያመሰግነኝም።

ጀብዱ፦ ፀሐይ ላይ የቆመ የጭነት አህያ አቀዘቀዝኩ። ቲማቲማቸው ሊጠወልግ የደረሰ እናት ገበያ ላይ ጥላ ሠራሁላቸው። አንድ ጊዜ መንገዱን ብጋርደው ባጃጅ አጥር ውስጥ ገባ። ይህኛው ከጀብዱ አይቆጠር።

አወላለዴም አለ። እማዬ ከጨፋ ሮቢት ገበያ ስትመለስ ጨፋው ውስጥ፣ ረግረጉ የግጦሽ ሣር መሃል ምጥ ያዛት። ጉሙ ወተት ነበር ትላለች። ከብት የሚጠብቁ ሴቶች በድምፅ እየተፈላለጉ መጥተው አዋለዷት። "ሳላይሽ ነው የሰማሁሽ፤ ስታለቅሺ ጉሙ እየወፈረ ሄደ" ትለኛለች። እሷ ይህን የምትናገረው ለጨዋታ ነው። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ይነሳል።

ሐሙስ

ዝናቡ ቀርቷል። የጨፋው ዳር ገለባ መስሏል። መሃሉ ብቻ አረንጓዴ ነው፣ እዚያች ላይ የእኛም የአፋሮቹም ከብት ተፋፍጓል። አባዬ ከላሞቹ ጋር እዚያው ነው የሚያድረው፣ ለሰርጉ እንኳ እየተመላለሰ ነው።

ዛሬ ከዋርካው ስር ዱዓ ተደረገ። ሼህ ይማም መሩት። እሳቸው ዱዓቸው አጭር፣ ሳቃቸው ረጅም ነው። "ረቢ ሮባ ኑፍ ሃ ኬኑ" ሲሉ ጌታ ዝናብ ይስጠን ማለት ነውና ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን "አሚን!" አልን። እኔ ከሁሉ አስበልጬ ጮህኩ። ድምፄ ሲያስተጋባ ሼሁ ቀና ብለው አይተው ፈገግ አሉ።

ስመለስ በቦርከና ወንዝ ዳር አለፍኩ። ነጫጭ ወፎች ላሞቹ ጀርባ ላይ ተቀምጠው ወደ ማደሪያቸው የሚሄዱ ይመስላሉ፤ የሚሄዱት ላሞቹ ናቸው እንጂ እነሱስ ተቀማጭ ናቸው። ውሃው ላይ ብርሃን ተኝቷል። እንደዚህ ባለ ሰዓት ጉሙ ከስር ሆኖ ስሜን የሚጠራኝ ይመስለኛል። ትንሽ ባንጎራጉርለት ምን ነበረ? አይሆንም። እስከ እሑድ የዘምዘም ነኝ።

ዘፈኑን ራሴ ነው የገጠምኩት። ከጠዋት እስከ ማታ በሹክሹክታ እለማመደዋለሁ።

ሂጂ እህት ዓለም ጨፋው ይሸኝሽ፣
ባቲ እስክትደርሺ ጤዛ ያልብስሽ።

አርብ

እንደምንም ልጻፈው።

ከጁምዓ በኋላ ጭስ ታየ። አዲስ ሣር እንዲያወጣ ብሎ አንዱ የለኮሰው ደረቅ ሣር በነፋስ አምልጦታል። መንገድ ላይ አንዲት ሴት "ኢቢዳ! ኢቢዳ! እሳት!" እያለች ስትሮጥ ሰው ሁሉ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ እየቆረጠ ወደ እሳቱ ወረደ። እሳቱ የሚሄደው ወደ አረንጓዴው መሃል ነው፣ ወደ ጎጆዎቹ፣ ወደ ከብቱ። አባዬ እዚያ ነው።

እማዬ ጮኸች። ዘምዘም እጅና እግሯ እንሶስላ ተለብጦ በጨርቅ ታስሯል፣ ከአልጋ መውረድ አትችልም። "አባዬ! ሐዋ፣ አባዬን!" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችኝም።

ከሰዎቹ ተለይቼ ቦርከና ዳር ደንገሉ ውስጥ ገባሁ። እግሬ ላይ እንቁራሪት ዘለለ። ዝም አልኩት። አንጎራጎርኩ፤ ጉም ተነሳ፣ እሳቱ ጋ ሲደርስ እፍ ብሎ ጠፋ። ደግሜ አንጎራጎርኩ፣ ጠፋ። ማንጎራጎር አልበቃም። ሙሉ ዘፈን ያስፈልገኝ ነበር፣ አፌ ላይ የነበረው ደግሞ አንድ ብቻ።

የእሷ ነበር። ለእሑድ ያስቀመጥኩት። አውቄ ነው ያወጣሁት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ።

ጉሙ እንደ ላም ተነሳ፣ መጀመሪያ ከኋላው፣ ቀስ ብሎ፣ ከባድ ሆኖ። ከዚያ ሄደ። ጨፋው ጠፋ፣ ሰማዩ ጠፋ፣ እጄ ጠፋ። ነፋሱ ዝም አለ። ሁሉ ነገር ይንጠባጠብ ጀመር። ነጩ ውስጥ የሰዎቹ ቅርንጫፍ እሳቱን ሲመታው ይሰማኛል፣ ጧ፣ ጧ፣ ከዚያ እየራቀ፣ ከዚያ ሳል ብቻ። ህልም ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ፈርቼም ነበር።

አባዬ ላሞቹን አስከትሎ ከጉሙ ሲወጣ ቅንድቡ በጤዛ ነጥቷል። "ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?" አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

ቅዳሜ

ድምፄ አልተመለሰም። ዝንጅብል፣ ማር፣ ጥቁር አዝሙድ። ምንም። ሹክሹክታ እንኳ የለኝም።

ከተማችን ከሚሴ በሙሉ የሚያወራው ስለ ሼህ ይማም ዱዓ ነው። አንዱ ቅቤ ይዞላቸው ሄደ፣ ሌላው ስኳር፣ የአፋር ሽማግሌዎች ፍየል ጎትተው መጡ። ሼሁ በራፋቸው ላይ ቆመው "እኔ የለመንኩት እኮ ዝናብ ነው! ጉም ማን ለመነ?" ይላሉ አሉ። ሰው ደግሞ ይህንን ትሕትና ነው ብሎ ስኳሩን ይጨምራል።

ቅናት ይዞኛል። ልደብቀው? እሳቸው ፍየል፣ እኔ ዝንጅብል!

ከቅናቱ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ነገ ዘምዘም ዝም ተብላ ልትወጣ ነው። ማታ አጠገቧ ተኝቼ ጀርባዬን ሰጠኋት፣ ፊቴን እንዳታየው። እሷም ምንም አልጠየቀችኝም።

እሑድ፣ ሄዳለች

በሰርጉ ዱዓ ጊዜ እጄን ዘረጋሁ። ሁሉም "አሚን" ሲል የእኔ ከንፈር ብቻ ተንቀሳቀሰ። ሼህ ይማም ቆም አሉ። ሲጨርሱ አጠገቤ መጥተው "ሐሙስ ዋርካውን ያነቃነቅሽው ልጅ፣ ድምፅሽን የት ጣልሽው?" አሉኝ። ጉሮሮዬን በእጄ ነካሁ። ወደ ጨፋው አዩ፣ መልሰው እኔን አዩ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ሳይስቁ "አላህ ይሰትርሽ፣ ይሸፍንሽ፣ ልጄ" ብለው ሄዱ። ሼህ ይማም ሳይስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

ዘፈኑን ማንም አላወጣውም። ልጃገረዶቹ እኔን ይጠብቃሉ፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አክስቴ "ኧረ በይ እንጂ!" ብላ በክርኗ ጎሸመችኝ። እንባዬ መጣ። የመኪናው ሞተር ተነሳ።

ዘምዘም መስኮቱን አወረደችና በእንሶስላ በቀላው እጇ አንገቴን ስባ ጆሮዬ ላይ አለች፦

"አርብ ዕለት ታስሬ ተኝቼ በመስኮቱ ጉም ገባ። ውስጡ አንቺ ነበርሽ። ከሂጂ እህት ዓለም ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ። ዘፍነሽልኛል፣ አባዬንም ሰጥተሽኛል፤ ምን ያስለቅስሻል?"

የመስኮቱን ጠርዝ በሁለት እጄ ያዝኩት።

"ሕፃን ሳለሽ ካዘልኩሽ ጊዜ ጀምሮ አውቃለሁ እኮ" አለች። "ስታለቅሺ ጀርባዬ ይረጥብ ነበር። ቆይቼ ነው ሽንት እንዳልሆነ የገባኝ።"

ሄደች። እየሳቀች ነው የሄደችው፣ እያለቀሰችም። እኔም እንደዚያው፣ ያለ ድምፅ።

ሰኞ

አልጋው ሰፍቶኛል። ጠዋት ማንም ሳይነሳ ግቢ ወጥቼ ሞከርኩ። መጀመሪያ አየር ብቻ። ከዚያ አንድ ነገር ወጣ፣ ዘፈን የማይባል፣ የዛገ የበር ማጠፊያ ድምፅ የሚመስል። ጠበቅሁ። ጉም የለም። የበርበሬው ቅጠል ላይ አንዲት ጤዛ እንኳ የለም።

ጉሙ ድምፄን ለዘለዓለም ወስዶት ይሆን፣ ወይስ ድምፄ ጉሙን ትቶት? አላውቅም። እንዲህ ሆኖ ቢቀርም እንኳ አርብን የሚመልስልኝ ቢመጣ ያንኑ ነው የማደርገው። ይህን ስጽፍ ደንቆኛል፣ ግን እውነት ነው።

ፎዚያ ዐይኗን እያሸች ወጣችና "ሐዋዬ፣ ዘምዘም ባቲ ገባች?" አለችኝ። አባዬ ከውስጥ፣ "ደወለች፣ በደህና ገብተናል ብላለች። መንገዱን ሁሉ መስታወቱ ጤዛ እየያዘ ሾፌሩን አስቸገረው አለች፣ በዚህ ድርቅ! አላህ ትዳራቸውን ይባርክ!" ሲል ሰማሁት።

"አሚን" አልኩ። ተሰበረ፣ ግን ተሰማ።