በረንዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት

ለውዷ ባለቤቴ ለሀሊማ፣ አላህ በራሕመቱ ያኑርሽ።

ከተለያየን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነን። በዚህ ሁሉ ዘመን ብዙ ፍርድ ጽፌአለሁ፤ ላንቺ አንድ መስመር ለመጻፍ ግን እጄ እሺ ሳይለኝ ኖረ። የምጽፍልሽ በአማርኛ ነው። ድሬዳዋ ላይ የተዋወቅንበት፣ ሐርጌሳ ከገባን በኋላም ጎረቤት እንዳይሰማን የምንጨቃጨቅበት ቋንቋ እሱ ነበርና።

31 ሜይ በሚባለው ሰፈር ቤት ሠርተናል። አሚናችን ራሷ የልጆች እናት ሆናለች፤ ስትቆጣ ድምጿ ያንቺው ነው። እኔ ከዳኝነት በጡረታ ተሰናብቻለሁ፣ ለምክር ግን አሁንም ይጠሩኛል። እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም። «አባ፣ አንተና ዝንብ መቀመጥ አልተፈጠረላችሁም» ትለኛለች አሚና።

የማያስቀምጠኝ ፎቶግራፍ ነው። የድሮ የሐርጌሳ መንገድ የሚታይበት ፎቶ አለ ካሉኝ አሕመድ ዳጋህ ሰፈርም ይሁን 26 ጁን ሰፈር ተነሥቼ እሄዳለሁ። ሌላው ሰው በፎቶው ውስጥ ዘመዱን ይፈልጋል፤ እኔ ሰዓት እፈልጋለሁ። ከኤደን ወደብ የመጡ የእጅ ሰዓቶችን ከአንጓው እስከ ክርኑ ደርድሮ የሚዞረውን ነጋዴ አግኝቻለሁ። ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ የሚሠራውንም እንዲሁ። በአንዱ ፎቶ አባትሽ ሱቃቸውን ይከፍታሉ። በሌላው አንቺ በእሳቸው ወንበር ተቀምጠሻል፤ ሴት ሰዓት ሠሪ ለማየት የመጣው ሰው በሩን ሞልቶታል። የከተማችን የሰዓት ንግድ ታሪክ ከእነዚህ ወረቀቶች በቀር የተረፈ ማስረጃ ያለው አይመስለኝም። ሰዎች ይህን ትጋቴን የታሪክ ፍቅር ይሉታል፣ እኔም አላስተባበልኩም። አንቺ ግን እውነቱን ልታውቂ ይገባል።

ጦርነቱ ከተማው ውስጥ ሲገባ አሚናን ከእናቴ ጋር አስቀድመን ወደ ድንበር ላክናት። እኛ ደግሞ በማግስቱ በአምስት ሰዓት ሱቅሽ በር ላይ ተገናኝተን በጎረቤት የጭነት መኪና ልንወጣ ተስማማን። እኔ የፍርድ ቤቱን መዝገቦች ከእሳት ላድን ብዬ ዘገየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስደርስ መንገዱ በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ነበር፤ አንቺንም ሞተሽ፣ ጎረቤቶች ጨርቅ አልብሰውሽ አገኘሁሽ። መኪናው በቀጠሮው ሄዷል። አንቺ በስንት ሰዓት እንደተመታሽ የሚነግረኝ ሰው አልተገኘም። ከአምስት በፊት ከሆነ የአላህ ውሳኔ ነው እላለሁ። ከአምስት በኋላ ከሆነ ግን እኔን ስትጠብቂ ነው።

ከስደት ከተመለስን በኋላ የጎረቤታችን የፎቶ አንሺው ሚስት አንድ ፎቶ ሰጠችኝ። እሱ ሞቷል፤ በዚያች ዕለት ከከተማ ሳይወጣ ያነሣው የመጨረሻው ፎቶ መሆኑን ግን ነግሯት ነበር። ሱቅሽ በር ላይ ቆመሻል፣ ሻንጣሽ እግርሽ ሥር ነው። ከራስሽ በላይ በረንዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት ስምንት ሰዓት ከሩብ ይላል። ከሦስት ሰዓት በላይ ጠብቀሽኛል ማለት ነው። በዚያ ማስረጃ በራሴ ላይ ፈረድኩ። ሌሎቹን ፎቶዎች የሰበሰብኩትም ያንን ሰዓት የሚያስተባብል ሌላ ሰዓት ባገኝ ብዬ ነው።

ባለፈው ዓመት ፎቶውን ለሐጂ ዩሱፍ አሳየኋቸው፤ ጦርነቱ ሳይደርስ ከተማውን ለቀው የወጡት፣ ከአባትሽ ጋር የሠሩት ሰዓት ሠሪ ናቸው። ሳቁብኝ። «አንተ ዳኛ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በሽተኛ ምስክር ይዘህ ነው ራስህን ያሰርከው?» አሉኝ። እንደነገሩኝ በረንዳ ላይ የሚሰቀለው ለጥገና የመጣ፣ የቆመ ሰዓት ነው። ባለቤቱ መጥቶ የት ላይ እንደቆመ እስኪያይ ድረስ ሰዓት ሠሪ የሰው ሰዓት ቆጣሪ ዘንግ አይነካም፤ ነውር ነው። ከሰዓት ሠሪ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ። ሆኖም ከእሳቸው ቤት የወጣሁት ቀለል ብሎኝ ነበር።

የዳኝነት አመል ግን አይለቅም። ፎቶውን እንደገና ስመረምር የመንገዱን የብረት ምሰሶ አየሁ፤ ጥላው ቀጥ ብሎ ወደ አስፋልቱ ወድቋል። ምሰሶው ዛሬም በጥይት ተበሳስቶ ቆሟል። ያ ወር እስኪመለስ ጠብቄ፣ በዚያው ሰሞን ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ሱቅሽ አሁን የሞባይል መሸጫ ነው። ሻጮቹ ሽማግሌው መንገድ ጠፍቶባቸዋል ብለው የፕላስቲክ ወንበር አመጡልኝ፣ አንዷም ለልጅዎ ልደውልልዎ አለችኝ። በአምስት ሰዓት ጥላው ገና ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ያጋደለ ነበር። እንደ ፎቶው ቀጥ ያለው ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው።

ስለዚህ መኪናውን ሸኝተሽ ጠብቀሽኛል። አንድ ሰዓት ያህል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል። በራሴ ላይ ከፈረድኩት ያነሰ ነው፣ ከተመኘሁት ግን ይበልጣል። ይግባኝ አልልበትም።

ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ፎቶውን ይዤ ሳለሁ አንድ ነገር ገባኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ያየሁት ሰዓቱን እንጂ አንቺን አልነበረም። ፊትሽ ከፍርድ ቤቱ ወደምመጣበት የመንገዱ ጫፍ ዞሯል። ፍርሃት አላየሁበትም። ቅንድብሽን ትንሽ ከፍ አድርገሽዋል፤ ለምሳ ዘግይቼ ስገባ እንደምታደርጊው።

ሌሎቹን ፎቶዎች አሚና ለሚገባው ሰው ትሰጣለች። ይኸኛው በሕይወት እስካለሁ ድረስ ከእኔ አይለይም። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የያዝኩትን ሥራ አስቀምጬ አየዋለሁ፤ ፊትሽን።

ባልሽ