የእማ የብር አምባር

ለወንድሜ ለያህያ፣ ባቲ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ከሚስትህና ከልጆችህ ጋር እንደምን ከረማችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ፤ ሰፈራችን ክሬተርም ከሙቀቱ በቀር ደህና ነው። ደብዳቤ የጻፍኩልህ በስልክ ሳወራህ እማ አጠገቤ ስለምትሆን ነው።

የዓይኗ ቢጫነት አልለቀቃትም። «የወፍ በሽታን ሐኪም አያውቀውም፣ አስተኩሷት» ብለህ አዘህ አልነበር? አስተኮስናት። የጋለው ብረት የእጇ አንጓ ላይ ሲያርፍ አጥብቄ የያዝኳት እኔ ነኝ። ይሻላታል እያልን ሁለት ወር ጠበቅን።

ማክሰኞ ኤም አር አይ ላስነሳት ወሰድኳት። የሐሞቷ መንገድ የት ላይ እንደተዘጋ የሚያሳየው እሱ ነው አሉን። «ሳትበይ ነይ» ሲሏት የጾም ኒያ አድርጋ ጾመች፤ ያለፈኝን የረመዳን ቀን ከፈልኩ ብላ ደስ አላት። መሣሪያው ማግኔት ስለሆነ ብረት ነገር ሁሉ ይውለቅ ተባለ። አባባ ያሰረላትን፣ አልወልቅ ባዩን አምባር ታውቀዋለህ። ሳሙና ይዤ ሄጄ ነበር፤ በሁለት ጣቴ ሳብ ባደርገው ወጣ። ከሥሩ ጠባሳው ታየ። ነርሷ ራኒያ «ይህን ማን አደረገ?» አለችኝ።

«ወንድሜ» አልኳት፣ «ባቲ ተቀምጦ።»

ሐኪሙ ፎቶውን አየና «ልጆቿ ሁሉ እዚሁ ናቸው?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

እማ ሥራህን ትተህ እንዳትመጣ ብላለች። ይህን ያለችው እሷ ነች፤ እኔ አላልኩም። አምባሩን መልሼ ባጠልቅላት እጇ ላይ አልቆም አለ። «አንቺ አድርጊው» ብላ ሰጠችኝ።

ልጆችህን ሳምልኝ። አላህ ሦስታችንንም በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

እህትህ አዚዛ