የሰሜኑ ግድግዳ ጨርቅ

መስከረም 22

ዝናብ ነው። ሁለት ታፔላ ጻፍኩ፤ አንዱ የጸጉር ቤት፣ አንዱ የወፍጮ ቤት። ቀለሙ ቆርቆሮው ላይ አልደርቅ ብሎ ሲያናድደኝ ዋለ። ጉልበቴም እንደ ልማዱ።

ከሰዓት መምሬ ወልደ ማርያም ሱቄ ድረስ መጡ። በር ላይ ቆመው ጃንጥላቸውን አራገፉ። «ሰብሃት፣ የሰሜኑ ግድግዳ ሥዕል ወረደ» አሉኝ።

ላጥ ላጥ ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ትላንት ግን በማርያም ቅዳሴ መሃል ከላይኛው ጥግ ጀምሮ ጨርቁ እንዳለ ወረደ። ሴቶቹ ላይ። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን።

«ነፍሱን ይማርና፣ ጥሩሰው ያን ጊዜ በወጉ አልለጠፈውም» አሉ መምሬ። እኔ ምን አልኩ? ራሴን ነቀነቅኩ። መነቅነቅ ምን ማለት ነው? አዎ ማለት ነው እንጂ!

መስከረም 24

ሄጄ አየሁት። የሳልኩት ስደቷን ነበር... እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በአህያ ላይ። አህያዋ ለሁለት ተቀዳለች። ጨርቁን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። አረንጓዴ ሻጋታ። ነፍሳት የበሉት ቀዳዳ፣ ወንፊት በሉት። ግድግዳው ላይ የቀረው ነጭ ቅርፊት ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ምዕራቡ ግድግዳ ዞርኩ። በጣቴ መታ መታ አደረግኩት። አንድ ጥግ እንኳ አልተነሳም። በዚህ በቦንጋ ዝናብ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ! ያ የጥሩሰው እጅ ነው።

ሃያ ዓመት አብረን ስንሠራ ልማዳችን አንድ ነበር። ጨርቁን የሚመርጠው፣ የሚያጥበው፣ ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው፣ ጀሶ የሚቀባው እሱ። በዘይት ቀለም የምስለው እኔ። ስሜን ከሥዕሉ ሥር እጽፋለሁ። የሱ ስም የትም የለም። ሲያምር ሰው «ሰብሃት!» ይላል። ሲወድቅ... ሲወድቅ ጥሩሰው።

መስከረም 27

ሰበካ ጉባኤው ጠራኝ። ሰብሳቢው አቶ ግዛቸው ነው፤ የዞን መሥሪያ ቤት ሰው፣ ፋይል ሳይዝ አይቀመጥም። ግድግዳው እንደ አዲስ እንዲሣል ወስነዋል። ሥዕሉን እኔ እንድሠራ። ዝግጅቱን ማን?

ማመልከቻ ያስገባችው አንዲት ሰው ናት፤ አብርሆት፣ የጥሩሰው ልጅ። ከምትሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት አስፈቅዳ መጥታለች። ናሙና ይዛለች። የታጠበ አቡጀዲ ዋንዛ ጣውላ ላይ ለጥፋ፣ ሦስት እጅ ጀሶ ቀብታ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሳዋለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ልስላሴው በዓይን ብቻ ይታያል። ከነሱ ግን ማንም አልነካውም።

አቶ ግዛቸው ፋይሉን እያገላበጠ፣ «እህቴ፣ የአባትሽን ሥራ አይተነዋል እኮ። አሁን የምንፈልገው ኳሊቲ ነው» አላት።

አንዱ «ኮምፔልሳቶ ብንመታበትስ?» ይላል። ሌላው «የቡና ጆንያ ይሻላል፣ ጠንካራ ነው» ይላል። ጆንያ! ክሩ በጀሶው መሃል ብቅ ብቅ ይላል፤ እርጥበት ሲነካው ይረግባል። ኮምፔልሳቶ ደግሞ በአንድ ክረምት ይላጣል። ይህን ሁሉ አስረዳሁ። ስለ ጨርቅና ስለ ጣውላ ምላሴ አይያዝም። ስለ ሌላው ግን ዝም።

አብርሆት ናሙናዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ተነሳች። ስታልፈኝ ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ስለ አባዬ አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ነበር» አለችኝ።

መስከረም 28

አልሠራሁም። ሱቁን ከፍቼ ተቀመጥኩ እንጂ።

መስከረም 30

ቢታ ገነት ለገበሬዎች ማኅበር ታፔላ ልሰቅል ሄድኩ። ስመለስ መኪና ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። «ጀሶውን ሸጦት ነው አሉ፣ ሰውየው።» «የቱ?» «የሞተው። ሠዓሊው ምስኪን ምን ያድርግ...»

ምስኪኑ ሠዓሊ ከፊታቸው ተቀምጧል። ዞር ብዬ አንድ ቃል ብናገርስ? መንገዱ ሙሉ አንገቴ ደርቆ መጣሁ።

ጥቅምት 2

ላቀችን፣ የጥሩሰውን ሚስት፣ ገበያ አገኘኋት። ከማንኪራ የመጣ ማር እየመረጠች ነበር። ከስታለች።

«ጋሽ ሰብሃት፣ አሁን በቅዳሴ በሩ ጋ ነው የምቆመው» አለችኝ። «ትላንት አንዷ ግድግዳውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ምን ልበላት? የሞተ ሰው መልስ አይሰጥ። በክፉ ያላነሱት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

በትንሽ ጣሳ ማር አስሞልታ ሰጠችኝ። ተቀበልኩ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ማሩ ይኸው ጠረጴዛው ላይ አለ። አልቀመስኩትም።

ጥቅምት 4

እስቲ እውነቱን ቢያንስ እዚህ ልጻፈው።

ሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት። ጥሩሰው የምዕራቡን ግድግዳ ጨርቅ ለጥፎ እንደ ጨረሰ ታመመ። ጅማ ሆስፒታል ሊገባ ነው። የሰሜኑ ቀረ። ምርቃቱ ለፋሲካ ተቆርጧል፤ ጳጳስ ይመጣሉ ተብሏል። ሁዳዴ ገብቷል። መኪና ሊሳፈር ሲል እጄን ይዞ፣ «በቆዳ ሙጫ ለጥፍ። ካልሆነ ጾሙ እስኪፈታ ጠብቅ» አለኝ።

የቆዳ ሙጫ ማለት የበሬ ቆዳ ቀኑን ሙሉ ተቀቅሎ ነው። ሽታው ሰፈር ያዳርሳል። ሰው ሁሉ በጾም ላይ እያለ እኔ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆዳ ልቀቅል? አፈርኩ። ካህናቱን ልጠይቅ አልኩ፤ መጠየቁንም አፈርኩ። ልጠብቅ ብል ምርቃቱ ያልፋል... ስሜ በጳጳሱ ፊት ሲጠራ መስማት ፈልጌ ነበር። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ማስታወቂያ ወረቀት የምለጥፍበትን የዱቄት ሙጫ አበሰልኩ። የስንዴ ዱቄትና ውሃ። የጾም ነዋ! ደስ ብሎኝ ነበር እኮ፤ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ።

ተመረቀ። እልል ተባለ። ጥሩሰው በሰኔ ሬሳው ከጅማ መጣ። ግድግዳውን አላየውም። በሁለተኛው ዓመት ጥጉ ሲነሳ ሰው «ጥሩሰው ነው» አለ። እኔ ጥሩሰው ነው አላልኩም። አይደለምም አላልኩም።

ጥቅምት 6

ነገርኳቸው። ለመምሬና ለአቶ ግዛቸው፣ ሁለቱ ባሉበት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ።

አቶ ግዛቸው ፈገግ አለ! «ጋሽ ሰብሃት፣ ይህን የሚሉት ለወዳጅዎ ሲሉ ነው። እንዲህ ያለ ጓደኛ ዛሬ የት ይገኛል?» መምሬም እጄን ያዝ አድርገው፣ «የሞተን ሰው ጥፋት መሸከም ትልቅ ጽድቅ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ጉድ እኮ ነው! ዝም ስል አመኑኝ፤ ስናገር አመሰገኑኝ። ኧረ እኔ ነኝ፣ ኧረ በእጄ ነው ብል ማን ሰምቶኝ። ወደ ቤት ስመጣ ዳገቱ ረዘመብኝ፤ ሁለት ጊዜ ቁጭ አልኩ።

ጥቅምት 8፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሳይበተን መምሬን ለመንኳቸው። ፈቀዱልኝ። ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ይዤ ነበር፤ አንዱ ከወደቀው፣ አንዱ ከምዕራቡ ግድግዳ ታች በምላጭ የቆረጥኩት። ሁለቱም ቀለም ያልነካቸው ጠርዞች ናቸው። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ክብሪት ጫርኩ።

መጀመሪያ የጥሩሰውን። ጸጉር የተቃጠለ ያህል ሸተተ። ሴቶቹ አፍንጫቸውን ያዙ። «ይህ ቆዳ ነው» አልኩ። ቀጥሎ የወደቀውን አነደድኩ። ጠጋ ብለው አሸተቱ።

«ዳቦ» አለ አቶ ግዛቸው። ፋይሉን ብብቱ ሥር እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ደግሞ አሸተተ። «የተቃጠለ ዳቦ።»

«በጾም ቆዳ መቀቀል አፍሬ በዱቄት የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ጥሩሰው ጠብቅ ብሎኝ ነበር። ጾሙን ሁሉ ጅማ ተኝቶ ነው ያሳለፈው።»

ላቀች ከኋላ መጣች። «እኔ ነኝ ያስታመምኩት» አለች። «ሁለቱንም ግድግዳ ለጥፎ የመጣ መስሎኝ... አልጠየቅኩትም። እኔም እሱን ነበር የማማው በሆዴ።» ከዚያ ለልጇ በካፊኖኖ የሆነ ነገር አለቻት። እኔ ከገበያ ካፊኖኖ በላይ አላውቅም። አብርሆት ዞራ አየችኝ። ምን እንዳለቻት ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ጥቅምት 9

ማሩን መለስኩ። በሩን የከፈተልኝ የለም። ደጃፉ ላይ አስቀምጬው መጣሁ።

ጥቅምት 17

ውሳኔው በደብዳቤ መጣ፣ ማኅተም ያለበት። ዝግጅቱ ለአብርሆት። ሥዕሉ ለሌላ ሠዓሊ። እኔ «ለረጅም ዘመን አገልግሎትዎ» ተብዬ ተመስግኜ ተሰናበትኩ።

ትክክል ነው። ትክክል ነው ብዬ ግን አልቀለለኝም። ሰዉም ታፔላ ማሠራት የቀነሰ ይመስለኛል። ወይስ ለኔ ብቻ ነው የሚመስለኝ? ደክሞኛል። እንዲሁ ስቀመጥም ይደክመኛል።

ጥቅምት 24

በቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ አለፍኩ። ቆዳ ይቀቀላል፤ ሽታው መንገዱ ድረስ ወጥቷል። አብርሆት የነቢያት ጾም ሳይገባ ልትለጥፍ ፈልጋ ይሆናል። አቡጀዲው ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ሦስቴ ያጠበችው ይመስላል፤ የፋብሪካው ስታርች ካልወጣለት ሙጫ አይጠጣማ። ድስቱን እያማሰለች ነበር። አየችኝ። ሰላም አላለችኝም። እኔም ቆሜ አልጠበቅኩም።

ኅዳር 3

አብርሆት ሱቄ መጣች። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች።

«ጨርቁ አራት ሜትር ነው፣ ለብቻ አይለጠፍም። እናቴን ትከሻዋን አሟታል። ሌላው ሰው ደግሞ ያጨማድድብኛል። ይመጣሉ?» ጋሼ ማለቱን ትታለች።

ሄድኩ። ግድግዳው ተፍቆ፣ ተጠርጎ፣ ባዶውን ቆሟል። ሙጫው ባልዲ ውስጥ ለብ ብሏል። ጨርቁን ላነሳ ጎንበስ ስል የአናጺ እርሳስ ሰጠችኝ።

«ይጻፉ» አለች።

«ምን?»

«ያደረጉትን። ግድግዳው ላይ።»

«ሊሸፈን አይደል እንዴ? ማን ያነበዋል?»

«አባዬስ ሃያ ዓመት ሲሸፈን ማን አነበበው?»

ጻፍኩ። «ይህን ግድግዳ በ1987 በጾም በዱቄት ሙጫ የለጠፍኩት እኔ ሰብሃት ነኝ። ጥሩሰው አልነበረም።» ስንት ታፔላ የጻፈ እጅ፣ ፊደሉ ተንጋደደብኝ። እንባዬ መጣ፤ አልከለከልኩትም።

ቀረብ ብላ አነበበችው። ከዚያ እርሳሱን ተቀብላኝ ከሥሩ ጻፈች። «አብርሆት ጥሩሰው። ኅዳር 1996። በቆዳ ሙጫ።»

«ይሄኛው ከወደቀ የኔ ነው» አለች። «የአባዬም አይደለም፣ የእርስዎም አይደለም።»

ብሩሹን ነክራ በሁለቱም ጽሑፍ ላይ ሙጫ ቀባችበት። ጨርቁን አነሳን፤ ከላይ እሷ፣ ከታች እኔ። እስኪይዝ ድረስ እጃችንን አላነሳንም።