ከወንበሩ ሥር የተፈታው ብረት

ይድረስ ለካፒቴኔ ባለቤት፣ ለእትዬ፤

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ያ የጉልበትዎ ሕመም በዚህ ብርድ አልበረታብዎትም? የአባቷን ሣቅ ወርሳ የቀረችው ልጅዎስ ደኅና ናት? እኔ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር ደኅና ነኝ፤ ይህንንም የምጽፈው ዓይኔ ጨርሶ እንቢ ሳይለኝ፣ ሠላሳ ዓመት ደብቄ የኖርኩትን ነገር ላወጣው ብዬ ነው።

እትዬ፣ በቀብሩ ማግስት እጄን ይዘው፣ "በብረት ላይ የተቀመጠን ሰው ጥይት እንዴት ከታች አገኘው?" ብለው ቢጠይቁኝ፣ "ጥይት ቀዳዳ አያጣም" ብዬ ሸነገልኩዎት። መርማሪዎቹም አብራሪው በግዴለሽነት ዝቅ ብሎ ስለ በረረ፣ ጥይቱ በብረቱ ጠርዝ ሾልኮ መታው ብለው ጻፉ፤ እርስዎም ያንን ወረቀት ታቅፈው፣ የጎረቤት ሹክሹክታ እየሰሙ አረጁ። እውነቱ ሌላ ነው።

ያን ቀን ከቀትር በኋላ፣ ቁስለኞችን ልናነሣ ከተራራው ትከሻ ላይ ባረፍን ጊዜ፣ የሄሊኮፕተሩን ጭነት መቁጠር የእኔ የቴክኒሺያኑ ሥራ ነበር፤ በዚያ ሙቀትና በዚያ ስስ አየር ከዐሥር ቁስለኛ በላይ ይዞ አይነሣም። ሐኪሙ እንደ ቁስላቸው ክብደት ባሰረላቸው ምልክት ተራ ዐሥሩን አስገባሁና "ሞልቷል" አልኩ። ዐሥራ አንደኛው፣ እግሩ የተሰባበረ ወጣት ወታደር፣ ቃሬዛው ላይ እንደ ተጋደመ ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም፤ ስሜን ግን አልጠራም። እኔም የእርሱን አልጠራሁም፤ ጭነት ቆጣሪ ለገዛ ወንድሙ ካዳላ፣ ቆጠራው ምኑን ቆጠራ ሆነ?

ካፒቴኔ አንገታቸውን በመስኮቱ አውጥተው ሁለታችንን እያፈራረቁ አዩና፣ "አንተ ብሎን፣ ይኼ ልጅ ቅንድብህን ከየት ነው የሰረቀው?" አሉኝ። በዚህ ቅጽል ስም የሚጠሩኝ ደስ ሲላቸው ብቻ ነበር። ቀጥለውም ከወንበራቸው ሥር ያለው የጥይት መከላከያ ብረት ስንት እንደሚመዝን ጠየቁኝ፤ የአንድ ቀጭን ሰው ያህል ነው አልኳቸው። "እንግዲያ ፍታው፤ ብረቱ ከሚሄድ ልጁ ይሂድ" አሉ። ከሥርዎ ባዶ ቆርቆሮ ሊቀር ነው፣ ጌታዬ፣ ብዬ ብለምናቸው፣ "የእኔ መቀመጫ ከቆርቆሮ ይወፍራል፤ ፍታ!" ብለው ሣቁ።

አራቱን ብሎኖች በእነዚህ እጆቼ ፈታሁ።

ጭነቱ ከብዶን፣ ሸለቆውን ዝቅ ብለን ስናቋርጥ ጥይቱ ከታች መጣ። ካፒቴኔ አንዴ ብቻ አቃሰቱ፤ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ሙሉ፣ ደማቸው ወለሉን እያለበሰ መሪውን ሳይለቁ በርረው፣ ዐሥራ አንዱንም እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርገው ከሆስፒታሉ ሜዳ አሳረፏቸው። ሞተሩን ያጠፉት ራሳቸው ናቸው። ወደ እኔ ዘንበል ብለውም፣ ሜዳው ዳር ተበላሽታ ከቆመችው ሄሊኮፕተር ብረት ፈትቼ መርማሪ ሳይመጣ እንድተካ አዘዙኝ፤ "አለዚያ አንተን ይከሱሃል" ነበር የመጨረሻ ቃላቸው። ታዘዝኩ። እኔን ሊያድኑ ባዘዙኝ ትእዛዝ የእርሳቸውን ስም ቀበርኩ።

ይህንኑ ቃሌን ትናንት ፈርሜ ለሠራዊቱ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ፤ የሚመጣብኝን ቆሜ እቀበላለሁ። ይቅርታዎን ለመጠየቅ ግን ፊት የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ያ ሳይጠሩት በየዓመቱ እያነከሰ መጥቶ በርና መስኮትዎን የሚጠግነው፣ ዋጋህን ተናገር ሲሉት አንገቱን የሚደፋው አናጢ ዘንድሮም ሲመጣ፣ ቀና እንዲል ይንገሩትና ቅንድቡን ይመልከቱት። ከዚያ በኋላ ልብዎ ከፈቀደ፣ ወንበር ይስጡት።

ቀሪው ዘመንዎ ከሹክሹክታ የጸዳ፣ ደጅዎም የሰላም ደጅ ይሁን።

በትእዛዝ ዝም ብሎ በዝምታው ያረጀው፣ ወንድምዎ