ቦይለሩን እንዳታበሪው

አደሴ፣
ድሮ ፋብሪካ ስሠራ ሁለት ኤሌክትሪሻኖች ሲያወሩ ሰምቼ ነበር፤ ግማሹን ረስቼዋለሁ። «ሂት ፓምፕ የሚሉት ውሃ ማሞቂያ ሙቀቱን ከአየር ስለሚስብ መብራት ብዙ አይበላም» ሲል አንዱ፣ «ታዲያ በነፋስ ታጠባ» ብሎ ሌላው ሳቀበት።

እኔ ግን አመንኩት። አንቺም ለቤታችን እሱን እንግዛ ስልሽ እሺ ብለሽ፣ በረንዳው ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ አብረን ለካን።

እሁድ ቅዳሴ ሄጄ ስመለስ ተራውን ቦይለር አስገጥመሽ ጠበቅሽኝ። ስለ እኔ ለገጣሚው «እትዬ እታገኝ እንደሆነች ሁሉን ትችላለች» ስትዪው ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁ።

ቀዝቃዛ ውሃ እችላለሁ።

ምስሩ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቂው።

የቦይለሩን ማብሪያ ግን እንዳትነኪ። የሸጠልሽ ባለሱቅ ሀይረዲን፣ ስንቴ ለምኜው፣ አንዴም ካልበራ ነገ መልሶ ወስዶ አብረን የመረጥነውን ሊያመጣልን ተስማምቷል።